በአማካይ ሦስት ቀን

አካም ጅርቱ ወገኖቼ! አንዴ ስሙኝ፣ አላስረዝምባችሁም። እዚሁ ነቀምቴ፣ በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ «እያንዳንዱ ቤት በአማካይ በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ ያገኛል» ብሎ አነበበ። እኛ ላይ ሰፈር ያለነው እኮ ከወር በላይ ጠብታ አላየንም! ተነስቼ ጮህኩ። እሱ እቴ፣ እንደ ተማሪ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ኦቦ፣ ታች ሰፈር ስድስት ቀን፣ ላይ ሰፈር ዜሮ። ሲደመር?»

«ስድስት።»

«ለሁለት ሲካፈል?»

«ሦስት።»

«በቃ፣ ሦስት ቀን ደርሶዎታል፤ ይቀመጡ!»

ታች ሰፈሮች አጨበጨቡ። በገዛ አፌ ውሃ አጠጣኝ እኮ! ደሜ ፈላ። ይሄኔ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ወንዝ ወርደው ሊቀዱበት የያዙትን ባዶ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርገው፣ «ማሎ ልጄ፣ በል አማካዩን እዚህ ውስጥ ቅዳልኝ» አሉት።