የሦስት ቀን ጸሎት እስከ አምቦ

ከጉደር ወደ አምቦ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት፣ አጠገባቸው የጸሎት መጽሐፍ የምታነበውን ሴት ገጽ ስትገልጥ ያዟት።

«ቆይ እስቲ፤ የሰባተኛውን ቀን ጨርሰሽ አሁኑኑ ወደ ስምንተኛው አለፍሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ይሄ እኮ ኖቬና ነው! በቀን አንድ፣ ዘጠኝ ቀን። እኛ ካቶሊኮች ከመቼ ወዲህ ነው የሦስት ቀን ጸሎት በአንድ ታክሲ የምንጨርሰው?»

«ማሎ፣ እባክዎ እማማ፣ ቸኩዬ ነው።»

«ቸኩላለች! ይሄን ጸሎት የምታደርሺለት ቅዱስ፣ ወንጌል ሊሰብክልን ባሕር አቋርጦ፣ ስንት ወር በበቅሎ ተጉዞ መጣ። አንቺን ሦስት ቀን መታገሥ አቃተሽ?»

«እኔማ ቆጥሬ ነበር የጀመርኩት። ዘጠነኛው ቀን ልጄ ኦፕሬሽን የምትገባበት ዕለት እንዲውልልኝ ብዬ።»

«ታዲያስ?»

«ጠዋት ከሆስፒታል ደወሉ። ቀጠሮውን ወደ ዛሬ አመጡት። ስድስት ሰዓት ላይ ትገባለች።»

አሮጊቷ ወደ መጽሐፉ ጠጋ አሉ።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ያስለፈልፍሻል? አንብቢ እንጂ! ደግሞ በልብሽ አይደለም፤ ጮክ በይ፣ እኔም አብሬሽ ልበል።»

«እሺ እማማ።»

«አንተ ሹፌር! አንተን ደግሞ ምን ያከንፍሃል? ስምንተኛው ቀን ላይ እኮ ነን፤ ቀስ ብለህ ንዳ!»

ከአምቦ በፊት ያለውን መውረጃዬን «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።