የኦቦ ዲንሳ ድምፅ

ይኸውላችሁ፣ ቡርቃ ጃቶ ላለችው ጸሎት ቤታችን አምፕሊፋየር በእጄ ልሠራ ተነሣሁ። ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሰርኪቱን ላፕቶፔ ላይ ሣልኩና በሶፍትዌር መሞከር ጀመርኩ። ይሄኔ ኦቦ ዲንሳ መጡ። ዝማሬ የሚመሩልን አዛውንት ናቸው፤ ከኋላ የሚቀመጡት አይሰሙኝም ብለው አምፕሊፋየሩን ያሠሩኝም እሳቸው ናቸው። "ታዲያ የታለ?" አሉኝ። "ገና ነው ኦቦ፣ ያለው ስሌቱ ብቻ ነው። ግን ድምፅዎን ለኮምፒውተሩ ብንሰጠው፣ ሲሠራ እንዴት እንደሚሰማ ከወዲሁ ያሰማናል።" ብዙም አላመኑኝም። አንድ የኦሮምኛ መዝሙር ሲዘምሩ በስልኬ ቀረጽኳቸውና ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁት።

ጥቂት አስልቶ ድምፃቸውን መለሰልን። ጎልቷል፣ ጠርቷል። ግን ይንቀጠቀጣል። ኦቦ ዲንሳ የራሳቸውን ድምፅ እንዲህ ሰምተውት የሚያውቁ አልመሰለኝም። ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብለው፣ "የሚንቀጠቀጠው መሣሪያው ነው?" አሉኝ። ስክሪኑን አየሁት፤ ሰርኪቱ አንድም እንከን የለበትም። "አዎ፣ መሣሪያው ነው። ካፓሲተር የምትባል አንድ ትንሽ ዕቃ ስቀይርለት ይስተካከላል" አልኳቸው። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና፣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ገና ያልተሠራ መሣሪያ በምኑ ይንቀጠቀጣል?" አሉኝ።