የአቶ ይርሳው ቤት

ከጎጃም ተመድቤ አሰላ ሆስፒታል የምሠራ ድሬሰር ነኝ። በ፲፱፻፷፰ ኅዳር፣ ከሥራ ስወጣ ልብስ ሰፊውን አቶ ይርሳውንና ሁሩታ ከተማ የምታስተምረውን ልጃቸውን አፀደን ቀበሌው በር ላይ ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

"ምነው፣ በደህና?" አልኩ።

"ቤቴን የመንግሥት ነው አሉኝ" አሉ አቶ ይርሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉ ባለ ብዙ ቤት፣ "ዐሥር ዓመት ኪራይ ሳታጓድል ክፈለኝ፤ በስድሳ ስምንት መስከረም ቤቱ ያንተ ነው" አሏቸው። አቶ ይርሳውም አንድ ወር ሳያጓድሉ ከፈሉ፤ በጓሮው ሁለት ክፍል ጨመሩ። ቀነ ገደቡ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ግን ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ።

"አባባ፣ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩዎት!" አለች አፀደ።

"የወንድምሽን የክርስትና አባት ወልደ ጊዮርጊስን እንዴት ፈርምልኝ እላለሁ? ሌባ ነህ ማለት አይደለም ወይ? ደግሞስ መች ካደኝ? ትናንት መጥቶ 'ሸጬለታለሁ' ብሎ መሰከረልኝ።"

"ታዲያ ምን ተባሉ?" አልኩ።

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። "'ትርፍ ቤትህን በሰው ስም ልትደብቅ ነው' ብለው አሰሩት።"

አፀደ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ ውል የሚጻፈው ለሌባ ብቻ አይደለም። እውነተኛውም ሰው እውነቱን የሚያሳይበት ያስፈልገዋል። የቆየ ወረቀት ቢኖር እርሳቸውም ባልተጠረጠሩ፣ እርስዎም ባዶ እጅዎን ባልቆሙ።"

"የቀበሌው ጸሐፊም ከአዋጁ በፊት የተጻፈ ወረቀት አምጣ ነው ያለኝ" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አከበርኩት ብዬ አሳሰርኩት። ልክ ነሽ፣ ልጄ።"

ወልደ ጊዮርጊስ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። አቶ ይርሳው ይቅርታ ሊጠይቁ ቢሄዱ በር የሚከፍትላቸው አጡ።

በጥር፣ ጎረቤታቸው ማሚቱ ከአንድ የሳጉሬ ገበሬ ጋር ላም በጋራ ሊገዙ ሲስማሙ፣ አቶ ይርሳው ውሉ በምስክር ፊት ተጽፎ እስኪፈረም ድረስ ከመካከላቸው አልተነሡም። ገበሬው በሰኔ ሲሞት ልጆቹ ወረቀቱን አንብበው የማሚቱን ድርሻ ያለ ጭቅጭቅ ሰጡ። ሁለቱ ቤተሰቦች ዛሬም ይጠያየቃሉ። አንባቢ ሆይ፣ ከወዳጅህ ጋር የምትጽፈው ውል ወዳጅነትህንም እንደሚጠብቅልህ ከዚህ ተረዳ።

አቶ ይርሳው ግን ራሳቸው ባሠሩት ክፍል እየሰፉ፣ በየወሩ ለቀበሌ ኪራይ ይከፍላሉ።