ከሽፋኑ ላይ የሰረዝኩት መስመር

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ለእኔ ስንብት ብላችሁ ይህን የመጽሐፍ መጋዘን አጽድታችሁ፣ ከየቢሮው ወንበር ተሸክማችሁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ላወጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ "ኧረ ይህን መጋዘን አንድ ቀን እናጽዳው" ስል ሰሚ አጥቼ ነበር። ለካ እኔ ስሄድ ነው የሚጸዳው!

ስለ እኔ የተባለውን መልካም ነገርም ሰምቻለሁ። አርታኢ ነኝና ግማሹን ብሰርዘው ደስ ይለኝ ነበር። "ትዕግሥተኛ" የሚለውን በተለይ። ይኸው የገጽ ቅንብር ክፍል እህቶቼ እየሳቁ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደጮህኩባቸው እነሱ ያውቃሉ።

ንግግር ጽፌ መጥቼ ነበር። ኪሴ ውስጥ አለ፣ አራት ገጽ። ቀልድም ምክርም አለበት። ነገር ግን ቅድም በዚያ በር ስገባ ፊት ለፊት ረድፍ ላይ ማንን አየሁ? እትዬን! ልታስደስቱኝ ብላችሁ፣ ሳትነግሩኝ ጋብዛችኋቸዋል። በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው ለእኔ ብለው መጡ። ስለዚህ ያንን ወረቀት ተውኩት፤ ሌላ ነገር ነው የምናገረው።

አዲስ ለተቀጠራችሁ፣ እትዬ ማለት አንባቢ አውቶቡስ ውስጥ እያነበበ መውረጃውን የሚያልፍላቸው ደራሲ ናቸው። አሥራ አራት ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ጽፈዋል። ከመጀመሪያው በቀር አሥራ ሦስቱን ያረምኩት እኔ ነኝ። ስንሠራ መጨቃጨቅ ነው። "ይህን ሰውዬ ለምን ይገድሉታል? እኔ ወድጄው ነበር" ስላቸው፣ "አንተ ስለወደድከው እኮ ነው የምገድለው" ይሉኛል። ሲጠሩኝ ደግሞ እስከ ዛሬ "አንተ ልጅ" ነው። ስልሳ ሞልቶኝ እንኳ!

አምና አሥራ አምስተኛው ረቂቃቸው ዘገየ። አንባቢ ይደውላል፣ መጽሐፍ ሻጭ ይደውላል፣ የእኔም ጡረታ እየደረሰ ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ የእትዬ መጽሐፍ አውጥቼ፣ መጽሐፍ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ አይቼ ልሂድ አልኩ። አዲሱ ካልደረሰ የመጀመሪያውን በድጋሚ እናሳትመው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሲሠሩ፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው የጻፉት ነው። ጥቂት ቅጂ ታትሞ፣ ማንም ሳያየው ጠፍቶ ቀርቷል።

"ተው አንተ ልጅ፣ እሱ የልጅነት ነገር ነው" አሉኝ።

"አንባቢ ይወደዋል እትዬ።"

"አይወደውም። እኔም አልወደው።"

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው እሺ አሉ፤ ግን አንድ ነገር አስማሉኝ። ሽፋኑ ላይ በጉልህ ፊደል፣ "ይህ ደራሲዋ በሃያ ሁለት ዓመቷ የጻፈችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው" ተብሎ ይጻፍ። "እንዲያ ካልክ ሰው ዳዴ የሚል ልጅ እንደሚያይ ያየኛል፤ ብወድቅም አይፈርድብኝም" አሉ። "እርስዎ ይሙቱ፣ ይጻፋል!" አልኩ። በእሳቸው ነው የማልኩት።

የሽፋኑ ማረሚያ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ መስመሩ ነበረበት። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሰረዝኩት። የውስጡንም ገጽ፣ መጀመሪያ መቼ እንደታተመ የሚናገረውን፣ አወጣሁት። የሽያጭ ክፍል አልጠየቀኝም። ሥራ አስኪያጃችን አላዘዙኝም። የድሮ መጽሐፍ ነው ከተባለ ሰው አይሰለፍም ብዬ እኔው በገዛ እጄ ነው ያደረግኩት።

ሰልፉማ መጣ። ያን ቀን ጠዋት መጽሐፍ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ግንብ ተደግፌ ሳይ ነበር። እናት ከነልጇ፣ ተማሪው፣ ነጭ ጋውኗን ያላወለቀች ነርስ። ሁሉም አዲስ መጽሐፍ የገዛ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤው ጎረፈ። አንዳንዱ ያስቃል። አንዱ፣ "ገዳዩን ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረስኩበት፤ የቀረውን ያነበብኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው" ብሏል። አንዲት መምህርት፣ "ምዕራፍ ሦስት ላይ የተቀበረው ፋርማሲስት ምዕራፍ አሥር ላይ ሻይ ይጠጣል፤ ማን አስነሣው?" ብላ ጠይቃለች። እውነታቸውን ነው። መጽሐፉ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ጀማሪ መሆኗን ግን ማን ነገራቸው? ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ትናንት የጻፉት ነው የመሰላቸው። ስለዚህ ከቀልዱ ቀጥሎ ምን ይመጣል? "እትዬ ደክመዋል፤ ይረፉ።" "በክብርዎ ሳሉ ቢያቆሙ ይሻል ነበር።" አንዱ በሙሉ ወረቀት ላይ "አዘንኩ" ብቻ ብሎ ልኳል።

የአሳታሚ ቤታችንን ደንብ ታውቃላችሁ። የአንባቢ ደብዳቤ አይመረጥም፤ ዓርብ ዓርብ እንዳለ ታስሮ ለደራሲው ይላካል። ደንቡን ማን አወጣው? እኔ! "ደራሲ እውነቱን መስማት አለበት" እያልኩ፣ ጠረጴዛ እየደበደብኩ። ለእትዬም ዓርብ ዓርብ ተላከላቸው።

ደወሉልኝ። "አንተ ልጅ፣ ያ መስመር የት ገባ?"

"ማተሚያ ቤቱ ዘሎት ነው እትዬ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ለእናንተም ይህንኑ ነው የነገርኳችሁ። ማተሚያ ቤቱ ምንም አልዘለለም። ኃላፊው ይኸው እዚያ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው ሲነሣና ሲወድቅ ሰባት ወር ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ጌታዬ፣ በድዬዎታለሁ።

እትዬ ግን ክፉ አልተናገሩም። "በል እንግዲያው የእርማት ወረቀት አሳትመህ በየመጽሐፉ ለጥፍልኝ" ብቻ አሉ። ሁለት መስመር ያላት ብጣሽ ወረቀት። "ዛሬውኑ" አልኩ። በሳምንቱ ሲጠይቁኝ፣ "ተለጥፏል እትዬ፤ አሁን የሚገዛው ሁሉ አይቶ ነው የሚገዛው" አልኳቸው።

ባልደረቦቼ፣ አንድም ወረቀት አልተለጠፈም። ብለጥፈው "ማነው የሰረዘው?" ይመጣል። ማረሚያው ይወጣል፣ ቀይ ቀለሙ ይታያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የእኔ እንዳይፈታ በእጄ ይዤ እሮጥ ነበር።

ደብዳቤው አልቆመም። ከወር በኋላ እትዬ እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

"አንተ ልጅ፣ ወረቀቱን አንብበውም ይረፉ ካሉኝ፣ ይህን ለማለት ሲጠብቁኝ ኖረዋል ማለት ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አይደለም…"

"የልጅነት ሥራዬ መሆኑን እያወቁ እንዲህ ከጨከኑ፣ የእርጅናዬንማ ምን ሊሉት ነው? ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ይወዱኛል እያልኩ ራሴን ሳታልል ነው የኖርኩት። አዲሱን ትቼዋለሁ። ሁለት ምዕራፍ ነበር የቀረው።"

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "እትዬ፣ አንባቢው አያውቅም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት" ማለት። ብልስ ኖሮ? ቢበዛ ይጮሁብኝ ነበር፣ ቢበዛ ከሥራ እባረር ነበር። ምላሴ ተሳሰረ። "እንዳሉ ይሁን" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። የምን ሥራ? ቢሮዬ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ነው የከረምኩት።

ዛሬ በር ላይ ልጃቸው ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ጋሼ፣ እማዬ እስክሪብቶ መያዝ ትታለች። ጠዋት ተነሥታ ጠረጴዛዋ ጋ ትቀመጥና ዝም ብላ ትውላለች። እባክዎ እርስዎ ቢነግሯት ትሰማለች።" እኔ ብነግራት!

እትዬ፣ ይኸው ነገርኩዎት። አንባቢዎ አልጨከነብዎትም። ያቺን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አያውቃትም፤ የደበቅኳት እኔ ነኝ። ያዘኑት እርስዎን እርስዎን የሚል ነገር መጽሐፉ ውስጥ ፈልገው ስላጡ ነው። ከእርስዎ የፈለጉት ብዙ ስለሆነ ነው። ሰው ሰብስቤ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስጨንቅዎትም፤ ይቅርታዎን ብነፈግም ይገባኛል። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የመጨረሻ ልመናዬ ነው፦ ወረቀቱ ነገ ይታተም፤ ማን እንደሰረዘውም ከነስሜ ይጻፍበት።

ምን አሉ እትዬ? ይቅርታ፤ ከኋላ ላልሰማችሁ፣ "ያኔ ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም?" ነው የሚሉኝ።

ፈርቼ ነው እትዬ። እንዳላጣዎት ፈርቼ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

…እትዬ ተነሥተዋል። እባካችሁ መንገድ ልቀቁላቸው። አንተ ወንድሜ፣ ያን ወንበር ወደዚያ ሳብልኝ። አትያዟቸው፣ ተዉአቸው።

ሰማችሁ ያሉኝን? "ሰው እየጠበቀዎት ነው፤ ንግግርዎን ይጨርሱ።" ንግግርዎን። በሃያ ሰባት ዓመት አንድም ቀን እርስዎ ብለውኝ አያውቁም።

እሺ፤ ልጨርስ። ልመርቃችሁ ነበር አመጣጤ፤ ምርቃት ዛሬ ከእኔ አፍ ይያዝ አይያዝ አላውቅም። ቢሆንም ሥራችሁ ይባረክ። የዓይናችሁ ብርሃን አይጉደል። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የሚያምናችሁ ሰው ደውሎ ሲጠይቃችሁ አንደበታችሁ አይታሰር። ከእኔ የተሻለ አርታኢ ይስጣችሁ፤ እትዬም እንደገና ከጻፉ ለእሳቸውም የተሻለ ይስጣቸው።

ደረጃው ቁልቁል ለእሳቸው ከባድ ነው። ባያናግሩኝም ከኋላቸው ልውረድ። ኬኩን እናንተ ቁረጡት፤ እኔን አትጠብቁኝ።