አባባ ለጃርሶ ተራ ሊለምኑ ሲነሱ

ከነገሌ ሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድሜ ጃርሶ ብቻ ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ በራችን ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ወረደ። አባባ ደስ ብሏቸው፣ «ናጋ! ሰላም ነው? ቶሎ ጨረስክ እንዴ?» አሉት።

«ወድቄ ተባረርኩ፣ አባባ» አለ መሬት መሬት እያየ። «መጽሐፉ አንድ ነው፣ ተማሪው ብዙ። ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛው ስለሚከብደኝ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ገና ስጀምር ይወስዱብኛል።»

አባባ ከብት ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በቦረና ጉድጓድ ላይ ለመንጋው ሁሉ ተራ የሚሰጥ ሽማግሌ አለ፤ ከሩቅ የመጣ፣ የተጠማ ከብት ካለ ተለምኖ ያስቀድማል። ስለዚህ ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ምን አንገትህን ያስደፋሃል? ከሩቅ መምጣትህን ለተራ ሰጪው አልነገርክማ! አንተ ታፍራለህ፤ እኔ ሄጄ እለምንልሃለሁ» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወደ መኪናው ሄዱ። ሾፌሩንም፣ «ስትመለስ እኔን ይዘህ ሂድ» አሉት።

ጃርሶ ሮጦ ጋቢያቸውን ያዘ። «አባባ፣ አይሂዱ። እዚያ ተራ የሚሰጥ ሰው የለም።»

አባባ ዘወር ብለው አዩት። «ተራ ሰጪ የሌለው ውሃ ላይ ነው እንዴ ልጄን የላክሁት?» አሉና እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። ጃርሶ ማልቀስ ጀመረ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ፣ «አባባ፣ ይሳፈራሉ ወይስ ልሂድ?» ሲል ጠየቀ።