ለሰርቨር ዋስ የጠየቁት የእድር ዳኛ

አንባቢ ሆይ፣ የተሰረቀ ነገር ሲሸጡልህ አመስግነህ ትገዛለህ፤ የተፈቀደውን በነፃ ሲሰጡህ ግን ተንኮል አለበት ብለህ የምትሸሸው ለምንድን ነው? መልሱን እያሰብክ ቆይ። እስከዚያው በሰበታ የአንድ ሰፈር እድር ዳኛ የሆኑትን የአቶ በሪሁንን ጉዳይ ስማ።

አቶ በሪሁን ያን ሰሞን የሰው ዓይን ማየት ፈርተው ነበር። የወይዘሮ ወርቅቱ ባል ሲሞት፣ የእድሩ ጥሩምባ አዲሶቹ ሰፈሮች ድረስ ስለማይሰማ፣ መርዶውን በድምፃቸው ቀድተው በቴሌግራም ላኩት። አቶ በሪሁን ግን ሰላምታ ሳያሟሉ ወደ ጉዳይ የሚገቡ ሰው አይደሉም። ለእድርተኛው ጤና፣ ለሀገሩ ሰላም፣ ለሰብሉ ዝናብ ለመኑ፤ ቀጥለው የሟቹን ደግነት አነሱ። ቀብሩ ተፍኪ መሆኑን የተናገሩት በስተመጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ያዳመጠ ደግሞ አልነበረም። እድርተኛው እንደ ልማዱ ሰበታ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ አስከሬን ሲጠብቅ፣ ወይዘሮ ወርቅቱ ባላቸውን ተፍኪ ላይ ከጥቂት ዘመድ ጋር ቀበሩ።

«አርባውም እንዲህ ከሆነ ከእድሩ ወጥቻለሁ» አሉ። እሳቸው ከወጡ እድርተኛው ዳኛውን እንደሚሽር አቶ በሪሁን አላጡትም።

ይህን እያብሰለሰሉ ታክሲ ሲጠብቁ ወረፋው ላይ ዱርሲቱን አገኟት። ዱርሲቱ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ትሠራለች።

«አካም ቡልተን ኦቦ በሪሁን?» አለች፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትል። «ምነው ከፋዎት?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ ልጄ። የዘንድሮ ሰው ጆሮው አጥሯል።»

«የሰው ጆሮ አጥሮ ነው ወይስ የአንቱ ሰላምታ ረዝሞ?»

ነገሩ አልጣማቸውም፤ ግን ወረፋውን ጥለው የት ይሂዱ?

«ለእድሩ ድረ ገጽ እናብጅለት» አለች። «ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ፣ በአጭሩ። ማንም በስልኩ ከፍቶ ያያል። እድሩ ቤት የተጣለችው አሮጌ ኮምፒውተር ትበቃለች፤ ሊኑክስ የሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሠራ ፕሮግራም እጭንባትና ሰርቨር አደርጋታለሁ።»

«ሰርቨር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጠያቂ በመጣ ቁጥር ገጹን አውጥታ የምትሰጥ ማሽን ናት። ለመጣው ሁሉ ትመልሳለች፤ ሰላምታ አታበዛም።»

«ሊኑክሱስ ስንት ያስከፍላል?»

«ነፃ ነው።»

አቶ በሪሁን ፈቀቅ አሉ። «ባለቤቱ ማነው?»

«ብዙ ሰው ነው የሠራው። ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ የቻለ አይቶ ያርመዋል።»

«ዋሱስ?»

«ዋስ የለውም።»

«ዱርሲቱ፣ እኛ እኮ ያለ ዋስ ድስት አናውስም። ጓዳው ለሁሉ የታየ ቤት ደግሞ ይዘረፋል። ሳህሉ የጫነልን ይሻላል።»

ሳህሉ የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የሚጭነው ዊንዶውስ ቁልፉ የተሰበረ፣ ባለቤቱ ያልሸጠው ነው።

«ለሳህሉ ማን ዋስ ሆነው? የሚጭነው እኮ የተሰረቀ ነው» አለች።

«ቢሆንም ከፍለንበታል።»

እንግዲህ ፍረድ፣ አንባቢ። የሌባ ዕቃ ዋጋ ስለወጣበት ታማኝ ሆነ፤ ሠሪዎቹ ወደውና ፈቅደው የሰጡት ግን ዋስ ይጥራ ተባለ። እንዲህ የሚሉት ደግሞ አቶ በሪሁን ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት። በየቢሮው ክራቫት አስረው እንዲሁ የሚሉ ሞልተዋል።

ዱርሲቱ ግን አልተቆጣችም። «የእድሩ ድንኳን የማን ነው?»

«የሁላችንም።»

«ሲቀደድስ?»

«ያየው ይሰፋዋል።»

«ድስቶቹ ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል። ለዚህ አይደል አንድም ያልጠፋው።»

«ሊኑክስም እንደዚያው ነው። የሚጠብቀው መታየቱ ነው።»

አቶ በሪሁን ክርክር ሲሸነፉ ጫማቸውን ያያሉ። «እስቲ ሞክሪው» አሉ፣ ጫማቸውን እያዩ።

ቅዳሜ ዕለት ዱርሲቱ ሊኑክሱን በፍላሽ ይዛ መጣች። አሮጌዋን ማሽን ከአቧራ አጽድታ ጫነችባት፤ የሰርቨሩን ፕሮግራም አስነሳች፤ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘቻት፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪም አያያዘችላት። አቶ በሪሁን የአርባውን ማስታወቂያ በገዛ ስልካቸው ሲያነቡ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ከደስታቸው ብዛት፣ ብርድና አቧራ እንዳይነካት ብለው ጋቢያቸውን አጥፈው አለበሷትና ቆልፈው ሄዱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገጹ የለም።

ሳህሉ በሩ ላይ ደረሰ። «ነፃ ነገር እንዲህ ነው። ብዬ ነበር።»

ተጠርታ የመጣችው ዱርሲቱ ጋቢውን ገፍፋ ማሽኗን ቀሰቀሰችና ስክሪኑን ማንበብ ጀመረች። «ኦቦ፣ ለምን እንደቆመች ራሷ መዝግባለች። ሙቀቱ ከልክ ስላለፈ ተዘግቻለሁ ነው የምትለው። ጋቢ ያለበሳት ማነው?»

አቶ በሪሁን ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ። «ሳህሉ የጫነልን ሲቆም ምን ይል ነበር?»

«አንቱ ያውቁታል።»

«ምንም አይልም ነበር። የሚናገረው ሳህሉ ነው፤ እሱም አስከፍሎ።»

የአርባው ዕለት ድንኳኑ ጠበበ። የፋብሪካ ሠራተኛው ከፈረቃው፣ ተከራዩ ከአዲሱ ሰፈር፣ አማቹ ከመናገሻ፣ ሁሉም ገጹን አይቶ በሰዓቱ መጣ። ወይዘሮ ወርቅቱ ሰዉን ቃኝተው ወደ ዳኛው ዞሩ። «አልወጣም» አሉ። «ሰላምታዎን ግን ለድረ ገጹ እንዳያስተምሩት።»

ሰው ሳቀ። አቶ በሪሁን ግን ቆሙ፤ ሰላምታም አላስቀደሙም። «ይኸው አያችሁ። መርዶ በወቅቱ ይደርሳል፤ ቀብር ላይም አንጠፋፋም። ሲበላሽ ምክንያቱን ይነግረናል፤ ልጆቻችን ያርሙታል። የቡራዩና የሱሉልታ እድሮች ይምጡና ይውሰዱ፤ ለእነሱ ስለሰጠን ከእኛ አይጎድልም።»

ሳህሉ ከድንኳኑ ሊወጣ ብድግ ሲል አዩት።

«ብድግ ካልክ አይቀር እዚያው ቁም ሳህሉ። የሰው ንብረት ሰብረህ እንደምትጭንልን ለምን ሳትነግረን ሸጥክልን? እኔን በጆሮዬ ሹክ እንዳትለኝ። ወደ እድርተኛው ዙርና ሁሉም እየሰማህ መልስ።»