ነጭ ጋዝ የገባበት ዘይት

ከመተሃራ ወጣ ብሎ አስፋልት ዳር ባለ ጋራዥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ምሳ በወጡበት ሰዓት፤ መካኒኩ እምሩ ሽንኩርት በጫነና በክሪክ በተነሳ አይሱዙ ፊት ቆሟል፤ ባለመኪናው ልመንህ ከሥር እንዲገባለት እየወተወተው ነው።

ልመንህ፦ ጋሼ እምሩ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ችግሩ ከሥር ነው። ግባና እየው።

እምሩ፦ ከሥር መሆኑን ካወቅህ እኔን ምን አስፈለገህ? ሐኪም ቤት ሄደህም «ዝም ብለህ ሆዴን ቅደድልኝ» ነው የምትለው?

ልመንህ፦ ዘይቱ ግፊት የለውም እያልኩህ ነው። መብራቱ ከአዋሽ ጀምሮ ቀልቶ ነው የመጣው።

እምሩ፦ የበራ መብራት ሁሉ እውነት አይናገርም። ለዚህ ነው ከላይ የጀመርኩት። ዘይቱን ለካሁት፤ አልጎደለም፤ እንዲያውም ከልኩ አልፏል። ከዚያ የራሴን ጌጅ አሰርኩበት።

ልመንህ፦ ያንተስ ጌጅ ምን አለ?

እምሩ፦ ካንተ መብራት ጋር ተስማማ። መርፌው ቁጥር አንድ ላይ እንኳ አልደረሰም። ሞተርህ በባዶ ሆዱ ነው የሚሮጠው።

ልመንህ፦ አልኩህ አይደል? ግባ በቃ።

እምሩ፦ ሌላው ባለመኪና «ስንት ልታስከፍለኝ ነው» ይላል፤ አንተ «ግባ፣ ግባ» ብቻ። ሙሽራ አስመሰልከኝ እኮ።

ልመንህ፦ የጫንኩት ሽንኩርት ነው። ፀሐዩ እየቀቀለው እኔ ካንተ ጋር ልቀልድ?

እምሩ፦ እሺ፣ ይኸው ገባሁ። ቁልፉን በእጄ አቀብለኝ። ይህን የዘይት ማቀዝቀዣ ማን ገጠመልህ? ከመኪናው ጋር የተወለደ አይደለም።

ልመንህ፦ አዳማ ነው ያስገጠምኩት። ቆላ ስወርድ ሞተሩ እየጋለ መከራ አሳየኝ። ካስገጠምኩት ወዲህ ደግሞ ግፊቱ ወደቀ።

እምሩ፦ የገጠመው ሰው እጁ ጨካኝ ነው። ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን ቱቦ ከብረቱ ጋር አጥፎ፣ አንገቱን እንደ ዶሮ ጠምዝዞታል። በዚህ በኩል ዘይት ያልፋል ማለት ዘበት ነው።

ልመንህ፦ እሱ ይሆናላ።

እምሩ፦ ይሆናል። ላቃናውና እንየዋ። ማቀዝቀዣውን ከዘይት ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ጋር የምታገናኘዋ ክብ ብረት ጎሚኒዋ ደህና ናት፤ አታንጠባጥብም። የየት አገር ሰው ነህ?

ልመንህ፦ እኔ? የደብረ ብርሃን።

እምሩ፦ ንግግርህ ግን ከጀማ ወንዝ ማዶ ነው።

ልመንህ፦ እናቴ የዚያ አገር ናት።

እምሩ፦ እናት ጥሩ ነው። በል ጋቢና ውጣና ሞተሩን አስነሳ። ቀስ ብለህ ውጣ፤ ክሪኩ ላይ ነው ያለነው። ቁጥሩን ጮክ ብለህ ንገረኝ።

ልመንህ፦ ያው ነው። ንቅንቅ አላለም።

እምሩ፦ አጥፋውና ውረድ። ሞተሩን ሰማኸው? አያንኳኳም። ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ቀጥቃጭ ቤት ይጮህ ነበር። የዘይት ፓምፑም ቢደክም ከርሞ ከርሞ ነው የሚደክመው፤ በአንድ ቀን አይሞትም። ይህ ሞተር ጤነኛ ነው። ጤነኛ በድንገት ሲወድቅ ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

ልመንህ፦ ምን ይባላል?

እምሩ፦ ቆይ እንጂ፣ ልየው።

ልመንህ፦ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠጋ በል። እዚያ መሃሉ ጋ፣ ደረትህን ከዘይት ቋቱ ሥር አድርገው።

እምሩ፦ ደረቴን? እሺ፣ ደረቴም ይግባ። የመድፊያውን ቡሎን ላላ አድርጌ ጠብታውን ልየው። ውይ፣ ምንድነው ይሄ? ጣቴ መሃል አልቆም ብሎ እንደ ውሃ ይሮጣል። ዓይኔም ገባ መሰለኝ። እስቲ ከዚያ ከበርሜሉ ውሃ ቅዳልኝ።

ልመንህ፦ ምንም አይልህም፤ በእጅጌህ ጥረገው።

እምሩ፦ ካላመጣህልኝ ወጥቼ ልታጠብ ነው።

ልመንህ፦ አትውጣ። አመጣልሃለሁ፤ አንተ እዚያው ሁን።

እምሩ፦ ጣሳው ከግድግዳው ጀርባ ነው። አትቸኩል።

ልመንህ፦ ይኸው ውሃው። አለህ?

እምሩ፦ የት ልሄድ? አኑረው እዚያ። አንተም ወደ ክሪኩ ተመለስ፤ እግርህ ለምዶታል።

ልመንህ፦ ምን ማለትህ ነው?

እምሩ፦ በሽታውን አገኘሁልህ ማለቴ ነው። ዘይትህ ከልኩ ያለፈው ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነው። ቀጥኖ ቀጥኖ ግፊት የሚሠራ ወገብ አጣ። ማቀዝቀዣው አይደለም፣ ቱቦው ብቻም አይደለም።

ልመንህ፦ ናፍጣ ይሆናላ። ከናፍጣ ፓምፑ እያንጠባጠበ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እምሩ፦ ጎበዝ፣ ተዘጋጅተህበታል። ከፓምፕ የሚገባስ ናፍጣ ነበር። ይህ ግን ነጭ ጋዝ ነው፤ አፍንጫዬ ኩራዝ ሥር ነው ያደገው፣ አይሳሳትም። ነጭ ጋዝ ደግሞ በእግሩ ሄዶ ሞተር ውስጥ አይገባም። አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ነው ያፈሰሰው።

ልመንህ፦ እሱ የአዳማው መካኒክ ይሆናል። ምቀኛ ሞልቷል።

እምሩ፦ ከአዳማ በነጭ ጋዝ የተነሳ ሞተር እዚህ አይደርስም፤ መንገድ ላይ ነክሶ ይቆማል። ያፈሰስከው እዚሁ ቅርብ ነው። መኪናህን ከዛፉ ሥር አቁመህ ሠራተኞቼ ለምሳ እስኪወጡ ስትጠብቅ አይቼሃለሁ። እንጀራውን በገዛ እጁ የሚመርዝ ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አለው። አንተ የፈለግኸው ደረቴን ነው። ልመንህ፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ።

ልመንህ፦ እንዳትንቀሳቀስ።

እምሩ፦ መቼ ተንቀሳቀስኩ?

ልመንህ፦ እጄ የክሪኩ ማስተንፈሻ ላይ ነው። አንድ ዙር ብፈታው ጎድንህ እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚንኮሻኮሸው። ከነሽንኩርቱ፣ ከነምኑ ነው የሚጫንህ። ገባህ?

እምሩ፦ ገባኝ። የማን ልጅ ነህ?

ልመንህ፦ የታፈረ ወንድም ነኝ። የመጨረሻው። ያኔ ዳሱ ውስጥ ስትገድለው ከምሰሶው ሥር የቆምኩት ልጅ።

እምሩ፦ ጎንበስ ስትል ግንባርህ ነግሮኝ ነበር። አላምነውም ብዬ ነው።

ልመንህ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ረስተኸን ጋራዥ ከፍተህ፣ ሠራተኛ ቀጥረህ ትስቃለህ።

እምሩ፦ አልረሳሁም። እስሬን ጨርሼ ከወጣሁ ወዲህ ፊቴን ወደ በር ሳላዞር እህል በልቼ አላውቅም። ለዕርቅ ሽማግሌ ብልክ እናትህ ውሻ አስለቀቀችባቸው።

ልመንህ፦ እናቴን በአፍህ አትጥራ። የታፈረን ጋቢ ሳታጥበው የቤታችን ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች። ደሙ ጠቁሮ ደርቆበታል። ሚስት ሳገባ እንኳ ከሱ ሥር ነው ያስቀመጠችኝ። «ብላ፤ ወንድምህ እያየህ ብላ» ትለኛለች። ዳቦ ስትቆርስ ቢላውን ለኔ አትሰጠኝም፤ «ለወንድ ነው» ትላለች። ይህን ታውቃለህ?

እምሩ፦ አላውቅም ነበር።

ልመንህ፦ የመጀመሪያው ዱላ ጣለው። እሱን እንኳ ጠብ ነው እንበል። ወድቆ እጁን አንስቶ ነበር እኮ። ሁለተኛውን ለምን መታኸው? ጭንቅላቱ ሲከፈት ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ደሙ መጥቶ የእግር ጣቶቼ መሃል ገባ፤ ሞቃት ነበር።

እምሩ፦ ጠርሙስ ሰብሮ መጥቶብኝ ነበር።

ልመንህ፦ ከወደቀ በኋላ ጠርሙሱ የት ነበር?

እምሩ፦ ከእጁ ወድቆ ነበር።

ልመንህ፦ አየህ? እየው፣ በራስህ አፍ።

እምሩ፦ አልካድኩህም። ፍርድ ቤትም ጠይቆኝ ይህንኑ ነው ያልኩት። አሁን አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽጉጥ አጣህ?

ልመንህ፦ አላጣሁም።

እምሩ፦ ቆንጨራስ? ከጀማ ማዶ ቆንጨራ የሌለው ቤት የለም። ስሜን ጠርተህ፣ «የታፈረ ወንድም ነኝ» ብለህ፣ ፊት ለፊት መምጣት ስትችል ማቀዝቀዣ አስገጠምክ፣ ነጭ ጋዝ አፈሰስክ። ለምን?

ልመንህ፦ ልጆች አሉኝ። ላንተ ብዬ እስር ቤት አልበሰብስም።

እምሩ፦ እህ። እናትህ የምትፈልገው «ልጇ ደሙን መለሰ» እንዲባልላት ነው። አንተ ያዘጋጀህላት «መካኒኩን ክሪክ ገደለው» ነው። ያ ጋቢ ከምሰሶው የሚወርድ ይመስልሃል? ለፖሊስ ትክዳለህ፣ ለሽማግሌ ትክዳለህ፤ ለሷ በጆሮዋ ትነግራታለህ። እሷ ደግሞ ምን እንደምትልህ እኔ ልንገርህ?

ልመንህ፦ ዝም በል።

እምሩ፦ «ተኝቶ ያገኘኸውን ነው የገደልከው» ትልሃለች።

ልመንህ፦ አንተስ? አንተስ የወደቀ አይደለም የመታኸው? አፍህን ዝጋ እምሩ፤ እፈታዋለሁ። በታፈረ አጥንት እፈታዋለሁ።

እምሩ፦ ማስፈራራትማ ሕፃንም ያውቃል። ቢላውን ለምን እንደነሳችህ አሁን ገባኝ።

ልመንህ፦ እንካ! እንካ፣ አንተ ውሻ! ሙት! እምሩ? እምሩ! ምን ሆንክ? ተናገር እንጂ። ወይኔ እናቴ፣ ምን አደረግሁ? እምሩ!

እምሩ፦ አለሁ። አትጩህ፤ አላፊ አግዳሚ ይሰማል።

ልመንህ፦ እንዴት? ክሪኩ ወርዷል እኮ። እስከ መጨረሻው ነው የፈታሁት።

እምሩ፦ መኪናው ጣት ያህል ወርዶ በመደገፊያው ግንድ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ነው አንከባልዬ አክስሉ ሥር ያስገባሁት። ዓይኔም ምንም አልገባበትም። መካኒክ ክሪክ አምኖ አይገባም ነበር፤ ዛሬ ስላጣደፍከኝ ረስቼው ነው የገባሁት።

ልመንህ፦ እንግዲያ ያኔ ማምለጥ ትችል ነበር። በዚያ በኩል ወጥተህ መሮጥ።

እምሩ፦ ነገ ሌላ መኪና ታመጣለህ። ከነገ ወዲያ አንተ ብትተወው እናትህ ልጅህን ትልከዋለች። ሰለቸኝ። እውነት እጅህ ይፈታው እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ልመንህ፦ ፈታሁት።

እምሩ፦ አዎ፣ ፈታኸው። እስካሁን እኔ ብቻ ነበርኩ ነፍሰ ገዳይ፤ አሁን ሁለት ሆንን። ያተረፈህ ግንድ ነው። እኔን ያኔ የሚያተርፈኝ ግንድ አላገኘሁም።

ልመንህ፦ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማስተንፈሻውን አልለቅም ብሏል።

እምሩ፦ የኔም እንደዚያው ነበር። ዱላውን መጣል አቅቶኝ ጣቶቼን ሰው ነው ያላቀቀልኝ። አሁን ከሥር ልወጣ ነው፤ ዞር በል።

ልመንህ፦ በእጅህ የያዝከው ምንድነው?

እምሩ፦ የጎማ መፍቻ ብረት። ገና ስገባ ነው ከጎኔ ያደረግሁት። አትሽሽ፣ እዚያው ቁም። አናትህን ብከፍተው ማን ይፈርድብኛል? ሊገድለኝ መጣ እላለሁ፤ እውነት ነው።

ልመንህ፦ ምታ። ምታና ይለቅልን። ሁለት ጋቢ ትስቀል።

እምሩ፦ ውሃውን አምጣ። ጠጣው አንተ፤ ከንፈርህ ደርቋል። ጠጣ አልኩህ።

ልመንህ፦ ጠጣሁ።

እምሩ፦ ነጭ ጋዙን ያፈሰስከው አንተ ነህ፤ ዘይቱን የምትደፋውም አንተ ነህ። ክሪኩን መልሰህ አንሳው። ካነሳኸው በኋላ እኔ እይዘዋለሁ፤ አንተ በጀርባህ ትገባለህ፣ ደረትህን ከቋቱ ሥር ታደርጋለህ፣ ቡሎኑን ትፈታለህ። ፊልትሮውን ትለውጣለህ፣ ማቀዝቀዣውንም ፈተህ ታጥበዋለህ፤ ውስጡ ነጭ ጋዝ ከቀረ አዲሱንም ዘይት ያበላሸዋል።

ልመንህ፦ አንተ ክሪኩን ይዘህ? እኔ ከሥር ሆኜ?

እምሩ፦ እኔም ገብቼልህ ነበር።

ልመንህ፦ ብረቱን ግን አስቀምጠው።

እምሩ፦ አላስቀምጠውም። ልትገባ ከሆነ እንደያዝኩት ግባ። ካልሆነ ያውልህ አስፋልቱ፤ ዘይትህ እስከሚያደርስህ ሂድ። እናትህ ቤት ግን አያደርስህም።

ልመንህ፦ ክሪኩን አነሳሁት። ከግንዱ ለቋል።

እምሩ፦ ግባ እንግዲህ። አትፍራ፣ ግንዱ እዚያው አለልህ።

ልመንህ፦ አውጣው። አንተም መጀመሪያ ያለ ግንድ ነው የገባህልኝ፤ ግንዱን አውጣውና ነው የምገባው።